ደጅ ጥናት ያልሆነ የምክር ሰዓት



የዛሬው ንግግራችን የዩኒቨርሲቲ መምህርና ተማሪው ከክፍል ውጭ ስለሚገናኙበት ሰዓት ነው። ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በመምህሩ ቢሮ በር ላይ በተለጠፈች አንዲት ወረቀት ላይ የሁለት ቀን ስምና ጥቂት የሰዓት ቁጥሮች ተጽፈው ይታያሉ፤ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ነገር ግን በዚያች ወረቀት ምክንያት አንዱ ተማሪ ተረድቶ ያልፋል፤ ሌላውም ለምን እንደ ወደቀ ሳያውቅ ትምህርቱን ትቶ ይቀራል።

የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ነገር መስማት ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር ሦስት ምክንያት አቀርብለታለሁ። አንደኛ፥ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ቀን በመሥሪያ ቤት ውላችሁ በማታው ክፍለ ጊዜ ወይም ቅዳሜና እሑድ የምትማሩ ናችሁ። ሁለተኛ፥ ልጆቻችሁና ታናናሾቻችሁ ከቤታቸው ርቀው በተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። ሦስተኛ፥ እናንተ ራሳችሁ ባለጉዳይ የምታስተናግዱ ሰዎች ስለ ሆናችሁ፥ የበር መከፈትና የሰው መግባት መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ።

ነገሩ ይገለጥልን ዘንድ አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። ይህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ይሠራል እንበል። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ሆኖታል፤ ሁለት ልጆችም አሉት። ከደመወዙ ቀንሶ እየከፈለ በማታው ትምህርት ስታትስቲክስ ይማራል። በመጀመሪያው ወር መምህሩ አንዲት የግሪክ ፊደል በሰሌዳው ላይ ጻፉ። ፊደሏ «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ደምር» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የላትም። ሰውየው ግን ያን ዕለት በሥራ ምክንያት ዘግይቶ ስለ ገባ ማብራሪያው አመለጠው። ከዚያ በኋላ ፊደሏ በየገጹ ስትመላለስ ትምህርቱ ሁሉ ጨለመበት። አንድ ደቂቃ በማይፈጅ መልስ የሚፈታ ችግር ነበር። የመምህሩ በር ወረቀት ግን «የምክር ሰዓት፥ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት» ይላል። በዚያ ሰዓት ሰውየው በመዝገቦቹ መካከል ነው። ፈቃድ ቢጠይቅ አለቃው አንድ ቀን ይፈቅድለት ይሆናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ግን ያፍራል። በመጨረሻ ፈተናውን ወደቀ፤ ገንዘቡም ዓመቱም ባከነ። ለልጆቹም «ትምህርት ለእኔ አልሆነልኝም» ብሎ ነገራቸው። በእውነት ግን ትምህርቱ ለእርሱ ይሆን ነበር፤ ያልሆነለት ሰዓቱ ነው።

እንግዲህ ይህ የምክር ሰዓት የሚባለው ነገር ከወዴት መጣ? በአገራችን በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መምህርን ለብቻ ማግኘት ከትምህርቱ የተለየ ነገር አልነበረም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ፥ በነገራው ጊዜ በየኔታ ፊት ቀርቦ ያዘጋጀውን ያሰማል፤ የኔታም ስሕተቱን እየነቀሱ ያርሙታል። ተራው የሁሉም ነው። ጎበዙም ደካማውም፥ የቅርብ አገሩም የሩቅ አገሩም ሰው ይሰማል። በእንግሊዝ አገርም በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት እየሆኑ በየሳምንቱ ከመምህር ጋር ተቀምጠው ሥራቸውን የሚያስመረምሩበት የቆየ ልማድ አለ። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው ወደ መምህሩ የሚቀርበው ስለ ደፈረ ሳይሆን ተራው ስለ ደረሰ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ፥ መምህሩ እያንዳንዱን በስሙ ሊያውቅ ይችል ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ቆመዋል። ይህ ለአገር ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ክፍሉ ሲሞላና መምህሩም ተማሪውን በቁጥር እንጂ በስም የማያውቀው ሲሆን፥ ቀድሞ በመቀራረብ ብቻ ይገኝ የነበረው ምክር አሁን በር ላይ ለተለጠፈች ወረቀት ተተወ። ወረቀቷም የምትጠቅመው ወትሮም ደፋር ለሆነው፥ ጊዜ ላለው፥ ደረጃ ለመውጣት ለሚችለውና አባቱ ወይም እናቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነገሩን ላስረዱት ተማሪ ሆነ። እርዳታው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከበሩ የራቀው እርሱ ነው።

አሁን ከበሩ የሚቀሩት እነማን እንደ ሆኑና ለምን እንደሚቀሩ አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ የሚቀረው የማያውቀው ነው። አንቶኒ ጃክ የተባሉ አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ በታላላቅ ኮሌጆች ስለሚማሩ የድኻ ልጆች ጽፈዋል። ከገለጧቸውም ነገሮች አንዱ፥ መምህራን የቢሮ ሰዓታቸው መቼ እንደ ሆነ ሲናገሩ የቢሮ ሰዓት ምን እንደ ሆነ ግን አለመናገራቸው ነው። ከተማረ ቤተሰብ የመጣው ልጅ ትርጉሙን ያውቃል፤ ሌላው ግን መምህሩ ሥራቸውን የሚሠሩበትና ሊረበሹ የማይገባበት ሰዓት ይመስለዋል። ስለዚህ በዚያ አገር አንዳንድ መምህራን ስሙን ለውጠው «የተማሪ ሰዓት» ብለውታል። በእኛም አገር ከገጠር መጥቶ በቤተሰቡ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ብዙ ነው። «የምክር ሰዓት» የሚለውን ሲያነብ፥ ምክር የሚሰጠው ላጠፋ ሰው ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል?

ሁለተኛው የሚቀረው በይሉኝታ ነው። በእኛ ባህል ታላቅን ማክበር መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የባለሥልጣን ደጅ መጥናት የሚባል የቆየ ልማድም አለን። ደጅ ጠኚ ጉዳዩ መብት መሆኑን አያስብም፤ የደጁ ባለቤት በጎ ፈቃድ መሆኑን ያስባል። በጠዋት መጥቶ ይቆማል፥ ሲያልፉ እጅ ይነሣል፥ ነገም ይመለሳል። ተማሪውም ወደ መምህሩ ቢሮ ሲሄድ ይህ ልማድ አብሮት ይሄዳል። ቢያንኳኳ ያስቆጣ ይመስለዋል፤ ጥያቄውን ቢናገር ድንቁርናውን ያወጀ ይመስለዋል። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ሆኖም ምሳሌውን ለተማሪው ብቻ ማንበብ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሽተኛው እንዲናገር ሐኪሙ አስቀድሞ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ይጠይቃልና።

ሦስተኛው የሚቀረው በቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፥ በኦሮምኛ፥ በአማርኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማልኛ፥ በሲዳምኛና በሌሎችም ተምረዋል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ ተማሪ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አቀናብሮ በመምህር ፊት መናገር ግን ያቅተዋል። ከሩቅ ክልል የተመደበ ከሆነም የአካባቢውን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ መረዳት ወይም እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል።

አራተኛው የሚቀረው እንደ መዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በሰዓት ምክንያት ነው። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራው ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይዘልቃል። የመምህሩ የምክር ሰዓት በዚሁ መካከል ብቻ ከዋለ፥ የማታው ተማሪ ክፍያ ከፍሎ እንደ ቀኑ ተማሪ ሳይመከር ይቀራል።

አምስተኛ፥ ስለ ሴት ተማሪዎች በግልጥ መናገር ይገባናል። መምህሩ ውጤት የሚሰጥ፥ እርሷም ውጤት የምትቀበል ናት። ጭር ባለ ሕንፃ ውስጥ፥ በምሽት፥ በተዘጋ በር ኋላ ብቻዋን ገብታ ለመጠየቅ የምትሰጋ ተማሪ ብትኖር ስጋቷ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከእርስዋ ቀድመው የገቡት የነገሯትን ሰምታ ይሆናል። አንዳንዷ ይህን ፈርታ ፈጽሞ ሳትሄድ ትቀራለች፤ ውጤቷም ሲወርድ «ሴቶች ሒሳብ ይከብዳቸዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጨዋ የሆነው መምህርም ቢሆን በሩ በተዘጋ ቁጥር መልካም ስሙን ለሐሜት ያጋልጣል።

ስድስተኛው የሚቀረው አካል ጉዳተኛው ነው። የምክር ሰዓቱ በበር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ሲነገር ዓይነ ስውሩ ተማሪ እንዴት ያነበዋል? ቢሮው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው እንዴት ይወጣል? መስማት የተሳነውስ ያለ አስተርጓሚ ምን ይወያያል? ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በስምምነቱም ውስጥ ለተማሪው ችግር ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማድረግ ግዴታ ሆኖ ተጽፏል።

እንግዲህ ችግሩን ካየን መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጥቂት አሳብና ሥርዓት ነው።

የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱን በቃል ማስረዳት ነው። መምህሩ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን አምስት ደቂቃ ወስደው፥ «ይህ ሰዓት የእናንተ ነው፤ ደመወዝ ከሚከፈለኝ ሥራ አንዱ ነው፤ ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጥያቄ ባይኖራችሁም መጥታችሁ የሌላውን መስማት ትችላላችሁ፤ በመምጣታችሁ ውጤታችሁ አይቀነስም» ቢሉ፥ ወረቀቷ በዓመት የማትሠራውን በአንድ ቀን ይሠራሉ። ስሙንም «የተማሪ ሰዓት» ማለት ይቻላል። ይኸው ማስታወቂያ በቃል ሲነገር፥ በወረቀት ሲሰጥና በስልክ መልእክት ሲላክ ለዓይነ ስውሩም ለቀሪውም ይደርሳል።

ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጉብኝት ተራ ማድረግ ነው፤ እንደ ቅኔ ቤቱ ማለት ነው። ይህን ብል «ክፍሉ ብዙ ነው፥ እንዴት ይቻላል?» ይሉኝ ይሆናል። እንቁጠረው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች ቢኖሩ፥ አራት አራት ሆነው ቢመደቡ 15 ቡድን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን 15 ደቂቃ ቢሰጥ በጠቅላላው 225 ደቂቃ፥ ማለት 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ይህ በሦስት ሳምንት ቢከፋፈል በየሳምንቱ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይደርሳል። በዚህ አኳኋን ትምህርቱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው እያንዳንዱ ተማሪ የመምህሩን ደጅ አንድ ጊዜ ረግጧል። ሁለተኛ ጊዜ ለመምጣት የሚያስፈልገው ድፍረት እጅግ ያነሰ ነው። አራት ሆኖ መምጣቱም ዓይናፋሩን ያበረታዋል፤ ለሴት ተማሪዎችም ስጋቱን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሰዓቱንና ስፍራውን መለዋወጥ ነው። ሁለቱን የምክር ሰዓቶች ሁለቱንም በጠዋት ከማድረግ አንዱን በጠዋት፥ ሌላውን ከማታው ክፍል መጀመሪያ በፊት ወይም ከፍጻሜው በኋላ ማድረግ ይቻላል። ለቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ደግሞ በምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቢመደብ ይበቃል። ስፍራውም ሁልጊዜ ቢሮ መሆን የለበትም። በምድር ቤት ያለ ባዶ የመማሪያ ክፍል፥ የቤተ መጻሕፍት አንድ ጠረጴዛ፥ ወይም በጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ሰው በሚያልፍበት ግልጥ ቦታ ይሁን እንጂ ለምክር ይበቃል። በቢሮ ከሆነም በሩ ይከፈት።

አራተኛው ጥያቄ የሚቀርብበትን መንገድ ማብዛት ነው። በአፍ መናገር የሚከብደው ጥያቄውን ጽፎ ይምጣ። መምህሩና ተማሪው ሁለቱም የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ካላቸው፥ ነገሩን መጀመሪያ በእርሱ ተረድተው ኋላ በእንግሊዝኛ ቢደግሙት ትምህርት ይጠነክራል እንጂ አይጎድልም። መስማት ለተሳነው በጽሑፍ መወያየት ወይም አስተርጓሚ በቀጠሮ ማዘጋጀት ይገባል። በቴሌግራምም ጥያቄ መቀበል መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የኢንተርኔት ገንዘብ እንደሌለው፥ መብራትም እንደሚጠፋ አስቦ ይህን ብቸኛ መንገድ አለማድረግ ያሻል። አንዱ የጠየቀው የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ ለክፍሉ ሁሉ ቢመለስ፥ የአንድ ሰው ድፍረት ስድሳ ሰው ይጠቅማል።

አምስተኛው ማን እንደ መጣ በደብተር መመዝገብ ነው። ይህ ለቅጣት አይደለም። በአራተኛው ሳምንት ደብተሩ ተከፍቶ ሲታይ ያልመጡት እነማን እንደ ሆኑ ይታወቃል። የማታዎቹ ብቻ ቢቀሩ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሴቶቹ ቢቀሩ ችግሩ ስፍራው ነው። በመጀመሪያው ፈተና የወደቁት ቢቀሩ ደግሞ መምህሩ ራሳቸው «እስቲ ናና እንነጋገር» ብለው መጥራት አለባቸው።

በዚህ ላይ የመምህራንን አቤቱታ ሳንሰማ ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛናዊ አይሆንም። ብዙ ክፍል ያስተምራሉ፤ ብዙ ወረቀት ያርማሉ፤ አንዱን ቢሮ ብዙ ሆነው ይጋራሉ፤ ኑሮም ይከብዳቸዋል። «በምክር ሰዓቴ ብዙ ሳምንት ተቀምጬ ማንም አልመጣም፤ በፈተናው ዋዜማ ግን ደጄን አጨናነቁት» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ይኸው እውነት የሥርዓቱን ጉድለት ይመሰክራል። ባዶ የሆነው ሰዓት በዋዜማው ከሚጨናነቀው ተወስዶ በተራ ቢከፋፈል የመምህሩ ድካም አይጨምርም፤ ይልቁንም ይስተካከላል። የትምህርት ክፍሎችም ይህን ሰዓት በመምህሩ የሥራ ድርሻ ውስጥ ቆጥረው፥ የምድር ቤት ክፍል አዘጋጅተው፥ የማታውንም ሰዓት በትክክል ሊያስቡላቸው ይገባል። ሥራው ተቆጥሮ ሳይከፈል «ለምን አልሠራህም?» ማለት አይቻልም።

«ተማሪ ራሱን ይቻል፤ ታዝሎ አይማርም» የሚሉም አሉ። ተማሪው ራሱን መቻሉ ደግ ነው። ሆኖም በሩን ለመግባት የሚጠየቀው ጉልበትና የትምህርቱ ጉልበት መለየት አለባቸው። ፈተናው ይጠንክር፤ መግቢያው ግን ለሁሉ እኩል ይሁን። ደረጃ መውጣት ያልቻለው ተማሪ፥ ወይም በ4 ሰዓት ከሥራ መውጣት ያልቻለው ሰው ሲቀር የተመዘነው ዕውቀቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ የማታ ተማሪዎች ወደ ሆናችሁት እመለሳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችሁን በአክብሮት፥ «በሥራ ምክንያት በዚህ ሰዓት ለመምጣት አልችልም፤ ሌላ የሚመችዎት ጊዜ ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን ከምትጠይቁ አምስት ስድስት ሆናችሁ፥ ወይም በክፍል ተጠሪያችሁ በኩል በጽሑፍ ብታቀርቡት ይበልጥ ይሰማል። ስትሄዱም «ምንም አልገባኝም» ከማለት ያቆማችሁን ገጽና መስመር አመልክቱ፤ ያን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሊበቃችሁ ይችላል። በመሥሪያ ቤት አለቃ የሆናችሁም፥ የምትማር ባልደረባችሁ በወር አንድ ጊዜ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ብትጠይቃችሁ፥ ተምራ የምታገለግለው ይህንኑ መሥሪያ ቤት መሆኑን አስቡ።

ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ስትሸኙም ከስንቅና ከብርድ ልብስ ጋር አንድ ቃል ጨምሩላቸው፤ «መምህርህን ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው» በሏቸው። ይህን ቃል ከቤቱ ይዞ የሄደ ልጅ ከሌላው አንድ እርምጃ ቀድሟል። ይህን ቃል የሚነግረው ቤተሰብ ለሌለው ልጅ ግን ቃሉን መናገር ያለባቸው መምህሩ ናቸው። የእኩልነትም ሥራ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።